ዘጠኝ ዘንግ ወደ ፀሐይ

ስልሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የሳማ ጥግ ስጠላ ኖሬ፣ እናትህ እዚያ ሥር የለችም ብሎ የነገረኝ ሚስተር ዴንሃም ነው። ሚስተር ዴንሃም የሰበካ ጉባኤያችን ጸሐፊ ነው። ከለንደን በጡረታ መጥቶ እኛ መንደር የሰፈረ፣ ፀሐይ በምታቃጥልበት ቀን እንኳ የጎማ ቦቲ የሚያደርግ ሰው ነው። ከከተማ መቃብር ቆፋሪ አስመጣና ከቤተ ክርስቲያናችን በስተ ሰሜን ባለው ጥግ፣ እናቴ አለችበት የተባለውን ቦታ በረጅም ብረት አስወጋው። ብረቱ አንድ ክንድ እንኳ ሳይገባ ቀጥ አለ።

«ይኼ መሬት ተቆፍሮ አያውቅም» አለ ቆፋሪው።

«እርግጠኛ ነህ? በድሮው ቄስ ፕላን ላይ እኮ እዚህ ነው የተመለከተው።»

«ጌታዬ፣ ፕላኑን ቄሱ ነው የሣለው። መሬቱን የሣለው ሌላ ነው። እዚህ ማንም አልተቀበረም።»

ዴንሃም ወደኔ ዞረና «በጣም አዝናለሁ፣ ሚስተር ጋሮድ» አለኝ። እያዘነ ሰዓቱን አየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ሄስተር ታማ ተኝታለች። ሐኪሙ ለገና አትደርስም ብሏል፤ ያኔ ጥቅምት ገብቶ ነበር። እሷም ታውቀዋለች፤ ደብቀን የምናወራው የለንም። ከዚህ ዓለም የቀራት ምኞት አንድ ብቻ ነው፣ ከእማማ ጋር መተኛት። የብራክንሃም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ግን ሞልቶ ለአዲስ መቃብር ከተዘጋ ሃያ ዓመት አልፎታል። የሚከፈተው የቤተሰብ የቀድሞ መቃብር ብቻ ነው፤ እሱም ቦታው በትክክል ከታወቀ። አለዚያ አሥራ አንድ ማይል ርቆ የከተማው መቃብር አለ፤ ከመኪና መንገዱና ከሶፋ መጋዘኑ መካከል። አባታችን እዚያ ነው። አባታችን እዚያ የሄደው ተናዶ ነው።

ያናደደው ደግሞ ሩበን ፍሌት የሚባል የአጥቢያችን መቃብር ቆፋሪ ነው። በ1963፣ በዚያ በትልቁ ብርድ፣ እናታችን በጥር ወር በሳንባ ምች ሞተች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። እኔ ስምንት፣ ሄስተር አሥራ ሁለት። አባታችን እግሩ በትራክተር ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ እኛን አክስታችን ወስዳን ነበር። ከዚያ በረዶው መንገዱን ሁሉ ዘጋውና ማናችንም ቀብሯ ላይ አልደረስንም። ቄሱ ጸሎቱን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አድርሰው፣ ቦታውን በፕላናቸው ላይ ምልክት አድርገው፣ ወደ ሌላው አጥቢያቸው ሄዱ፤ እሳቸውም እዚያው በበረዶ ታገዱ። መሬቱ እንደ ብረት ደርቆ አልቆፈር ስላለ ሬሳዋ ዘጠኝ ቀን ደወል ቤት ውስጥ ቆየ። በኋላ ሩበን ፍሌት ከሁለት የእርሻ ሠራተኞች ጋር ሆኖ ቀበራት።

አባቴ በመጋቢት በምርኩዝ እየተደገፈ ሲመለስ ቄሱ የት እንዳለች ነገሩት። ሰሜን ጥግ፣ ፀሐይ የማይደርስበት፣ የታጨደ ሣር የሚጣልበት፣ ሳማ የሚበቅልበት። ድሮ ድሮ ራሱን የገደለና ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን የሚቀበርበት። አባቴ በቀጥታ ወደ መሸታ ቤቱ ሄደ። ሩበን ጥግ ላይ ቢራውን ይዞ ተቀምጧል።

«ሚስቴን እንደ ውሻ ጣልካት አሉ!»

ሩበን ቀና አላለም። «ደህና ቦታ ናት» አለ።

«ደህና ቦታ? ሳማ ውስጥ?»

«ደህና ቦታ ናት አልኩህ፣ ጆርጅ።»

አባቴ የሩበንን ብርጭቆ አንስቶ ቢራውን ፊቱ ላይ ደፋበት። ሩበን ፊቱን በኮፍያው ጠርጎ ወጣ። አንድ ቃል አልተናገረም። አባቴም ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠረበት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑን በር አልረገጠም፤ እኛም እንዳንረግጥ ከለከለን። እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ። ሩበንን መንገድ ላይ ሳገኘው ተሻግሬ በማዶ እሄድ ነበር። በ1981 ሞቶ እሱም ራሱ ሰሜን ጥግ፣ እዚያው ሳማ ውስጥ ሲቀበር፣ የሥራውን አገኘ አልኩ። ሚስቱ ማርታ ከእናቴም በፊት ሞታ በደቡቡ በኩል አምሮባት ተኝታለች። በሕይወቷ ጊዜ ምላሷ የማያርፍ ሴት ስለነበረች፣ መንደሩ ሁሉ «ሩበን ከማርታ ወሬ ለማምለጥ ብሎ ነው ሰሜን የሄደ» እያለ ሳቀ። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ።

አሁን ደግሞ ሳማው ሥር የለችም ተባልኩ። ታዲያ እናቴን የት አደረሳት?

ለሄስተር ምን ብዬ ልንገራት? ዴንሃም «ምናልባት ሚስ ካችፖል አንድ ነገር ያውቁ ይሆናል፤ የአጥቢያውን መዝገብ ሁሉ እየገለበጡ ነው» አለኝ። ይህን ሲለኝ ከሶፋ መጋዘኑ አጠገብ ብቀበር ይሻለኛል ብዬ አስቤ ነበር።

ሚስ ካችፖል አስተማሪዬ ነበሩ። በስምንት ዓመቴ፣ እናቴ በሞተችበት በዚያው ዓመት፣ ደብተሬን ክፍሉ ፊት ለፊት ከፍ አድርገው ይዘው «ክሊፎርድ፣ ይህን የጻፍከው አንተ ነህ ወይስ ዶሮ?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ዶሮ ሆነ። አሥራ አምስት ሲሞላኝ ትምህርት ትቼ የእሾህ አጥር ስቆርጥና ቅርንጫፉን እያጋደምኩ ሳጥር ኖርኩ፤ በመሸታ ቤት እስከ ዛሬ «ዶሮው መጣ» የሚለኝ አለ። እንግዲህ እኚህን ሴት ደጅ ልጠና ነው።

በራቸውን አንኳኳሁ። ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው፤ በብረት መደገፊያ ነው የሚሄዱት። ከታች እስከ ላይ አዩኝ።

«ክሊፎርድ ጋሮድ። እግርህን ጥረግ።»

ሰባ ዓመቴ ነው። ጠረግሁ።

«ሻይ ትጠጣለህ?»

«ለሻይ አልመጣሁም።»

«ለምን እንደመጣህ አልጠየቅሁህም። ሻይ ትጠጣለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

ጠጣሁ። ጠረጴዛቸው ላይ በወረቀት የተሞሉ ማኅደሮች ተደርድረዋል። የአራት መቶ ዓመት ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር በእጃቸው ገልብጠዋል። እኔ የመጣሁበትን ስነግራቸው አንዱን ማኅደር ሳቡ፤ ግን የፈለጉት እናቴን አልነበረም።

«ቤተሰቦችህ መቼ እዚህ እንደመጡ ታውቃለህ?»

«ከባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ጋር መጡ ይባላል። መጤ ናችሁ ሲሉን ነው የኖሩት።»

«ማነው ያለው?»

«ሁሉም። ትልቁ ቤት ያሉት የኮሎኔሉ ቤተሰቦች።»

መነጽራቸውን አስተካከሉ። «1611፤ ቶማስ ጋሮድ፣ አጥር ሠሪ፣ ልጁን አስጠመቀ። 1640፤ ዊሊያም ጋሮድ፣ አጥር ሠሪ፣ ተቀበረ። እንዲህ እያለ እስካንተ ይወርዳል። የኮሎኔሉ ቅድመ አያት ቤቱን የሠራው በ1790 ነው። ያጠረለት ደግሞ የአንተ ሰው ነው፤ የክፍያው ደረሰኝ አለ። መጤው ማን እንደሆነ አንተ ፍረድ።»

ሻዬን አማሰልኩ፤ ስኳር አላደረግሁበትም ነበር።

«እናትህ እነኋት። አሊስ ጋሮድ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ጸሎት የተደረገበት ቀን ጥር 17። መዝገቡ የት እንደተቀበረች አይጽፍም፤ ጽፎም አያውቅም። ቦታ የሚጽፍ ሌላ ደብተር ነው። የሩበን ፍሌት።»

ስሙን ሲጠሩ ጥርሴን ነከስኩ። አንዲት ጥቁር ቀጭን ደብተር ከመሳቢያ አወጡ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ ከአሮጌ ሻማዎች ሥር ነበር ያገኟት። ሚስተር ዴንሃም አይቷት የማትረባ ናት ብሎ ትቷታል። ምክንያቱን አስረዱኝ። ሩበን እያንዳንዱን መቃብር በቁጥር ነው የጻፈው። የሚስቱን ለምሳሌ፦ «ማርታ። ከዕቃ ቤቱ ማዕዘን 9 ወደ ፀሐይ፣ 2 ወደ ጠዋት። ጎኗ የኔ።» ፀሐይ ማለት ደቡብ፣ ጠዋት ማለት ምሥራቅ ነው። ዴንሃም በእርምጃ ለካ፣ በሜትር ለካ፤ ማርታን መተላለፊያው መሃል ላይ አወጣት። የማርታ ድንጋይ ግን እዚያ ማዶ ከእጥፍ በላይ ርቆ ይታያል።

«ሚስቱን እንኳ በትክክል መለካት ያልቻለ ሰው ነው አለ ዴንሃም» አሉኝ።

«ዴንሃም አጥር ሠርቶ አያውቅም» አልኩ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሩበን መቃብር የሚቆፍረው ሰው ሲሞት ነው። ሌላ ጊዜ የሚበላው በአጥር ሥራ ነው። በዚህ መንደር አጥር የሚሠራ ሰው በእርምጃ አይለካም፤ በሜትርም አይለካም። ዘንግ አለው። የሃዘል እንጨት ነው፤ ስምንት ጫማ ከሩብ። ከአያት ለአባት፣ ከአባት ለልጅ በልኩ ይቆረጣል። የኔ ሼዱ ውስጥ ተሰቅሏል።»

ሚስ ካችፖል ደብተሩን ዘጉት፤ ደግመው ከፈቱት። «ሃያ ዓመት ሙሉ ይህ ደብተር እኔ ጋ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንድም ቀን አጥር ሠሪ አልጠየቅሁም።»

የእናቴን ገጽ አነበቡልኝ። «ጋሮድ፣ አሊስ። ከምድጃው ጭስ ማውጫ 4 ወደ ጠዋት፣ 3 ወደ ፀሐይ። እሳት ሁለት ቀን።» ሌላ ነገር የለውም።

«ነገ ጠዋት» አሉ። «ዴንሃምን እኔ እጠራዋለሁ። እኔ ስጠራ ይመጣል።»

በማግስቱ ያካፋል። ሚስ ካችፖል በዝናብ ካፖርታቸው ተጠቅልለው የኮሎኔሉ አያት ጠፍጣፋ መቃብር ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ድንጋዩ የተሠራው ለዚህ ነው የሚል ፊት ነበራቸው። ዴንሃም የሜትር ጥቅሉን ይዞ ቆሟል።

«መጀመሪያ ማርታ» አሉ ሚስ ካችፖል። «የምናውቀውን እንለካ።»

ዘንጌን ዕቃ ቤቱ ማዕዘን ላይ አጋደምኩና ገለበጥኩ፤ ገለበጥኩ። ዘጠኝ ጊዜ ወደ ፀሐይ። ዞሬ ሁለት ጊዜ ወደ ጠዋት። የዘንጉ ጫፍ የማርታ ፍሌትን ድንጋይ ኳ አድርጎ መታ።

ዴንሃም በአፉ ትንፋሽ ሳበ። «ይገርማል» አለ።

«አይገርምም» አልኩት። «ልኩ ነው።»

ከዚያ ወደ ጭስ ማውጫው ዞርኩ። ቤተ ክርስቲያኑን የሚያሞቀው ምድጃ ድሮ ከመሬት በታች ነበር፤ አሁን በኤሌክትሪክ ተተክቷል፤ የጡብ ጭስ ማውጫው ግን እንዳለ ቆሟል። ከእሱ አራት ወደ ጠዋት ቆጠርኩ። ከዚያ ወደ ፀሐይ። አንድ። ሁለት። መሬት መሬቱን ነበር የማየው። ሦስት።

ቀና ስል ከፊቴ ድንጋይ አለ። አነበብኩት። ማርታ ፍሌት ይላል።

«ተሳስተሃል» አለ ዴንሃም። «ዞረህ እዚያው መጣህ።»

«ጫፉን እይ። ድንጋዩ ላይ አይደለም፤ ጎኑ ላይ ነው።»

የዘንጉ ጫፍ ያረፈው ከማርታ በስተ ግራ፣ አንድ ሰው በሚተኛበት ባዶ ሣር ላይ ነበር። ሚስ ካችፖል ደብተሩን ገለጡ። «ጎኗ የኔ» ብለው ጮክ ብለው አነበቡ። ጣታቸውን ቃሉ ላይ እንዳደረጉ ባዶውን ሣር አዩ።

«ይኼ ማስረጃ አይሆንም» አለ ዴንሃም፤ ግን በቀስታ ነው ያለው፤ ሰዓቱንም አላየም። «ደንቡ…»

«እሳት ሁለት ቀን ይላል» አልኩት። «በብርድ የደረቀውን መሬት ለማላላት ነው። እሳት ከነደደ ከሰል ይኖራል። ልቆፍር?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ተንበርክኬ ሣሩን በካሬ ቆረጥኩና እንደ ምንጣፍ አነሳሁት። አንድ ስንዝር ስወርድ አፈሩ ጥቁር እየሆነ መጣ። እፍኝ ሙሉ አነሳሁ፤ ከሰል የተቀላቀለበት ልል አፈር ነው። አንዱን የከሰል ቁራጭ በጣቴ ስፈረክሰው የኦክ እንጨት መሆኑን ከደም ሥሩ አወቅሁት።

ሚስ ካችፖል ከተቀመጡበት ተነስተው በመደገፊያቸው እየተጎተቱ መጡ። ከሰሉን ከእጄ ወስደው ያዙት።

«ያን የካቲት ትዝ ይለኛል» አሉ። «ሩበን በየቀኑ ትምህርት ቤት እየመጣ ምድጃው አጠገብ ልቀመጥ ይለኝ ነበር። እንጨቴ አልቋል ይለኛል። ክረምቱ ገና በግማሹ እያለ! ሽጦ የጠጣበት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀንም መክሬዋለሁ፤ ስለ መጠጥ። እሺ ሚስ አለኝ።»

መንደሩም ያን ጊዜ ስቆበት ነበር። መቃብር ቆፋሪው ለራሱ ማገዶ መሰብሰብ ያቃተው ሰነፍ ነው ተብሎ። እኔም አውቃለሁ፤ አባቴ እያደሰ ነበር የሚያወራው።

ዴንሃም ጉሮሮውን ጠረገ። «ለምን አልተናገረም?»

እኔም ራሴን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህም ደጋግሜ። ቄሱ የመደቡትን ቦታ ጥሶ ነውና ቢያውቁ ሥራውን ያጣ ነበር። ይህ አንዱ ነው። ግን ቄሱ በ1970 ሞተዋል፤ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ነበረው። እንደሚመስለኝ፣ አባቴ ቢራ ከደፋበት በኋላ መናገር ውለታውን ማስከፈል መሰለው። ወይም ደግሞ የተናገረውን ሁሉ ተናግሯል። ደህና ቦታ ናት ብሏል። ሁለት ጊዜ። እኛ ነን ያልሰማነው።

ዴንሃም መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «የፍሌት ዘር አለ?»

«ልጅ አልነበራቸውም» አሉ ሚስ ካችፖል። «ባይኖራቸውም ግን፣ ሚስተር ዴንሃም፣ የቦታው ባለቤት ፈቃዱን በ1963 የሰጠ ይመስለኛል።»

ዴንሃም የፈቃዱን ፊርማ በዚያው ሳምንት ከአሁኗ ሴት ቄሳችን አመጣልኝ፤ ቤቴ ድረስ፣ በእግሩ። ቦቲውን ደጃፍ ላይ አወለቀ። ስለ እሱ ካልኩት ጥቂቱን መልሼ እወስዳለሁ።

ሄስተር ጋ የሄድኩት ግን ከግቢው በቀጥታ ነው፤ እጄ ጥቁር እንደሆነ። ትራሷን አስደግፌ ቁጭ አደረግኋትና ሁሉንም ነገርኳት። አይኗን ጨፍና ሰማችኝ። የተኛች መስሎኝ ዝም ስል ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ትስቃለች።

«ምን ያስቅሻል?»

«ምስኪን እማማ! ስልሳ ዓመት ሙሉ የማርታ ፍሌትን ወሬ ስትሰማ ኖረች ማለት ነው?»

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እሷ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም ተከተልኳት፤ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ መሀረብ።

«አመስግነው» አለችኝ ቆይታ።

«ማንን?»

«ሩበንን ነዋ፣ ሞኙ።»

«ሞቷል እኮ፣ ሄስቲ። አርባ አራት ዓመቱ።»

«ታዲያስ? ስትሰድበው የኖርከውስ ሞቶ አልነበረም?»

የከሰሉን ቁራጭ ሳህን ላይ አድርጌ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጥኩላት። ነርሷ ልትጥለው ስትል «ተይው፤ የጎረቤት ስጦታ ነው» አለቻት።

ሄስተር በኅዳር አጋማሽ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ሻይዋን ግማሽ ጠጥታ ሞተች። ከከተማ የመጣው ቆፋሪ አካፋውን ሰጠኝና ጎን ለጎን ቆፈርን። ደቡብ ነው፤ ያን ቀን በዚያ ወቅት የማትታየው ፀሐይ ወጥታ ጀርባዬን አሞቀችው። የማርታ ጎን፣ የእናቴ ላይ፣ በሚስተር ፍሌት ቦታ፣ እህቴን አኖርኳት። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ማጭዴን ይዤ ወደ ሰሜን ዞርኩ።

የሚስተር ፍሌት ድንጋይ የለም፤ ትንሽ ጉብታ ብቻ ነው። ሳማው እስከ ወገቤ ደርሷል። አጨድኩት፤ ሥሩን በመቆፈሪያ ሹካ እየነቀልኩ አወጣሁት። ከዚያ ከኦክ ጣውላ የሠራሁትን ሰሌዳ ተከልኩ። ስማቸውን የቀረጽኩት በራሴ እጅ ነው። ከሥሩም «ደህና ቦታ ሰጡን። ጋሮዶች።» ብዬ ጨመርኩ። ይህን ለመቅረጽ ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል፤ ይህን ለመናገር ግን ስልሳ ሁለት ዓመት።

ቆሜ ኮፍያዬን አወለቅሁ። «አመሰግናለሁ፣ ሚስተር ፍሌት» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው። «አባቴም ቢያውቅ ኖሮ ይል ነበር። ባይልም እኔ ስለ እሱ እላለሁ። ስለ ቢራውም ይቅርታ።»

ከኋላዬ የብረት መደገፊያ ጠጠሩ ላይ ሲንቋቋ ሰማሁ። ሚስ ካችፖል ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ሳይሄዱ ቆይተዋል። ሰሌዳው ፊት ቆመው መነጽራቸውን አደረጉና ከላይ እስከ ታች አነበቡት። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ጠበቅሁ።

«ይነበባል» አሉ።

«እርስዎንም አመሰግናለሁ፣ ሚስ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እንዳሰብኩት አልከበደም።

«ሳማው ይመለሳል» አሉኝ፣ ክንዴን ይዘው ወደ በሩ ስንሄድ። «ሥሩ ጥልቅ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኳቸው። «እኔም እመለሳለሁ።»